በጃቫ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ቤትና መሬት ለመያዝ፦ ሕጉ፣ ሰነዱ፣ ውሃውና ጉርብትናው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ከኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ሰዎች ጋር በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሠርተዋል። ከዚህ ትውውቅ ትዳር የመሠረቱና ‹‹ወደ ባለቤቴ አገር ገብቼ በገጠር ቤት ሠርቼ ብኖርስ?›› ብለው የሚያስቡም አይጠፉም። ይህ መመሪያ ለእነርሱና ወደ ጃቫ ገጠር ለሚያማትር ማንኛውም አንባቢ የተጻፈ ነው። ምሳሌ የማደርገው በማዕከላዊ ጃቫ፣ ከዮግያካርታ ወደ ሶሎ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውን የክላተን አውራጃ ነው። አውራጃው የሜራፒ እሳተ ገሞራ ግርጌ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከተራራው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ሜዳውን ያጠጡታል፤ በዴላንጉ አካባቢ የሚመረተው ሩዝም ከጥንት ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት የደሴቲቱን ጥበት ማሰብ ይገባል። የጃቫ ስፋት 129 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከአማራ ክልል ያንሳል፤ ሆኖም በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 151 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ተቆጥሮባታል። ከግማሽ ሄክታር በታች መሬት ያለው ገበሬ በአገሩ ቋንቋ ‹‹ፔታኒ ጉሬም›› ይባላል፤ ጉሬም የዶሮ ቅማል ማለት ሲሆን፣ ስሙ የይዞታውን ትንሽነት ይናገራል። በእንዲህ ያለ አገር እያንዳንዱ ቁራሽ ማሳ የዕለት እንጀራ፣ የልጆች ውርስና የክፉ ቀን መያዣ ነው፤ ባዕድ ሰው የመሬት ዋጋ መጠየቅ ሲጀምር ወሬው በአንድ ምሽት መንደሩን የሚያዳርሰውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የእኔን አቋም ከመነሻው ልናገር፦ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚኖርበትን ቤት በጽኑ ውል ይከራይ፣ የሩዝ ማሳውን ግን ለአገሩ ሰው ይተው።

የውጭ ዜጋ በሕግ ምን መያዝ ይችላል?

በእኛ አገር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በጃቫ ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ በባንክም ይያዛል። ይህን የሰማ ሰው ገንዘብ ካለኝ እገዛለሁ ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የ1960 መሠረታዊ የመሬት ሕግ ‹‹ሃክ ሚሊክ›› የሚባለውን ሙሉ የባለቤትነት መብት ለኢንዶኔዥያ ዜጎች ብቻ ይሰጣል። የውጭ ዜጋ በውርስ ወይም በትዳር ምክንያት እንዲህ ያለ መሬት ቢደርሰው እንኳ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዜጋ ማስተላለፍ አለበት፤ ካላስተላለፈ መብቱ ይቋረጥና መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል።

ደላሎች በዚህ ጊዜ የሚያቀርቡት መፍትሔ ‹‹በአንድ የአገሬው ሰው ስም እንግዛውና በጎን ደግሞ ባለቤቱ አንተ መሆንህን የሚገልጽ ውል እንጻፍ›› የሚል ነው። ይህን ፈጽመው አይቀበሉት። የዚያው ሕግ 26ኛ አንቀጽ መሬትን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚያስተላልፍ ማንኛውንም ውል ፈራሽ ያደርገዋል፣ የተከፈለውም ገንዘብ እንዲመለስ አያስገድድም። ስሙን ያዋሰው ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ የሞተ ዕለት ውሉን የማያውቁ ወራሾቹ በምስክር ወረቀቱ ላይ የአባታቸውን ስም ያገኛሉ። የዕድሜ ልክ ቁጠባን በሌላ ሰው ስም ላይ ማስቀመጥ ከደግ ጎረቤትም ጋር ቢሆን የማይደረግ ነገር ነው።

በሕጋዊው መንገድ የቀሩት በሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ‹‹ሃክ ፓካይ›› የሚባለው የመጠቀም መብት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የውጭ ዜጋ ለ30 ዓመት ተሰጥቶ፣ በ20 ዓመት ሊራዘምና በሌላ 30 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ይሁን እንጂ የውጭ ዜጋ በዚህ መብት የሚይዘው ቤት በየክፍለ ሀገሩ የተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው፣ በቢሊዮን ሩፒያ የሚቆጠር መሆን ስላለበት የተለመደው የመንደር ቤት ከመለኪያው በታች ይወድቃል። ኩባንያ አቋቁሞ በኩባንያው ስም መያዝም አለ፤ ነገር ግን የውጭ ባለሀብት ኩባንያ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ኢንቨስትመንት ስለሚጠየቅ ለአንድ ጎጆ ሲባል የሚደረግ አይደለም።

ስለዚህ ለአብዛኛው አንባቢ የሚሆነው ኪራይ ነው። በአገሩ የሚኖር የውጭ ዜጋ ቤት በረጅም ዘመን ውል እንዲከራይ ሕጉ ይፈቅዳል። ውሉ ኖታሪስ በሚባለው ውል አዋዋይ ፊት፣ የአከራዩ የትዳር ጓደኛና ሌሎች ባለመብቶች ሁሉ በፈረሙበት መንገድ ይዘጋጅ። አከራዩ ቢሞት ወይም ቤቱን ቢሸጥ ኪራዩ እንደሚቀጥል፣ ጥገናው የማን እንደሆነና ተከራዩ በራሱ ወጪ የሠራው ክፍል በመጨረሻ ለማን እንደሚቀር በግልጽ ይጻፍ። የሃያ ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ክፈል የሚል ባለቤት ቢያጋጥምዎ፣ በአምስት በአምስት ዓመት እየከፈሉ እንዲታደስ ቢደራደሩ ይሻላል።

የትዳር ጓደኛዎ የኢንዶኔዥያ ዜጋ ከሆኑ ሌላ በር ይከፈታል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ደንቀራ አለበት። በ1974 የጋብቻ ሕግ መሠረት በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሚሆን፣ የአገሬዋ ሚስት የምትገዛው መሬት ግማሹ የውጭ ዜጋው ባል ይሆናል፤ እርሷም ዜጋ ሆና ሳለ በሃክ ሚሊክ መግዛት ያቅታታል። መድኃኒቱ የንብረት መለያየት ውል ነው። ቀድሞ ይህ ውል ከጋብቻ በፊት ብቻ የሚደረግ ስለነበር ብዙዎች ሳያውቁት አልፏቸዋል፤ በ2016 ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ እያሉም ሊዋዋሉት እንደሚችሉ ወሰነ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ጋብቻውን በመዘገበው ቢሮ ዘንድ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ መሬቱ የእርሷ ብቻ ነው፣ ባል በእርሱ ላይ ድርሻ የለውም፤ ይህን በሙሉ ልብ መቀበል የማይችል ሰው ውሉን ባይፈርም ይመረጣል። ከወላጆቿ በውርስ የሚደርሳት መሬት ግን ሌላ ውል ካልተደረገ በቀር ከመጀመሪያውም የጋራ አይሆንም።

መጀመሪያ አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር

የምመክረው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፤ ምንም ከመፈረም በፊት በመንደሩ ውስጥ ቤት ተከራይተው አንድ ሙሉ ዓመት ይቀመጡ። ዝናቡ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ደረቁ ወቅት ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም ስለሚቆይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደሚቆረጥና በነሐሴ የየትኛው ቤት ጉድጓድ እንደሚደርቅ በዓይን ይታያል። ጎብኚ ሆኖ በሐምሌ መጥቶ ቤት የሚመርጥ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

የገቡ ዕለት ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ‹‹ኤር ቴ›› ለሚባለው የጥቂት አሥር አባወራዎች ተጠሪ ፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ፈቃድዎን ይዘው ይቅረቡ፤ በየመንደሩ መግቢያ ላይ እንግዳ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚያዝ ሰሌዳ ተሰቅሎ ያዩታል። በሩ ላይ ሲደርሱ እኛ ‹‹ቤቶች!›› እንደምንለው ‹‹ኩሎ ኑውን›› ይበሉ፤ ‹‹ሞንጎ›› የሚል መልስ ሳይሰሙ አይግቡ። የጃቫ ቋንቋ ለታላቅ የሚነገርበት ‹‹ክሮሞ›› እና ለእኩያ የሚነገርበት ‹‹ንጎኮ›› የሚባሉ ደረጃዎች ስላሉት፣ አንቱታን ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ እዚያ የሚለወጠው ግሡ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ራሱ መሆኑ ነው። ሽማግሌውን ‹‹ፓክ››፣ ባልቴቷን ‹‹ቡ››፣ በዕድሜ የገፉትን ‹‹ምባህ›› ብለው ይጥሩ። ‹‹እንጊህ›› የሚለውን የትሕትና ‹‹እሺ›› ደግሞ እንደ ስምምነት አይቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ ‹‹ሰምቻለሁ›› ከማለት አያልፍም፣ የመሬት ነገር ላይ ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

በብዙ መንደሮች ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከበሩ አጠገብ በሚስማር የተንጠለጠለች ትንሽ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ አለች። ማታ ማታ ባለቤቷ አንድ እፍኝ ሩዝ ወይም የ500 ሩፒያ ሳንቲም ያኖርባታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተራ ጠባቂዎቹ በባትሪ እያበሩ ከቤት ቤት ሲዞሩ ይሰበስቡታል። ይህ ‹‹ጂምፒታን›› ይባላል፤ የሚጠራቀመው ገንዘብ ለመንገድ መብራት፣ ለታመመ ሰው መጠየቂያና ለቀብር ዕቃ ይውላል። ባዶ ኩባያ ስለ ባለቤቱ ይናገራል። ‹‹ሮንዳ›› የሚባለው የሌሊት ጥበቃ ተራ ሲደርስዎም በገንዘብ ለመተካት አይቸኩሉ፤ የመንደሩ ወንዶች ሻይ እየጠጡ ማን መሬት እንደሚሸጥ፣ የትኞቹ ወንድማማቾች በውርስ እንደተጣሉ የሚያወሩት በዚያች የጥበቃ ጎጆ ውስጥ ነው።

የቀረው ማኅበራዊ ኑሮ ለእኛ ሰው በቶሎ ይገባል። ‹‹ጎቶንግ ሮዮንግ›› ደቦ ነው፣ ‹‹አሪሳን›› ዕቁብ ነው፣ ሰው ሲሞት ሥራን ትቶ መድረስም እንደ እኛ ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው። በሠርግና በግርዛት ድግስ ጊዜ ሴቶች ቀድመው ማድ ቤት ገብተው ያግዛሉ፣ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ፤ ለደጋሹ የሚሰጠውም ገንዘብ በደብተር የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ምክንያቱም በተራው ይመለሳል። በጃቫ የቀን አቆጣጠር ሠርግ የሚበዛበት ‹‹ቤሳር›› የሚባለው ወር ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ‹‹ሱሮ›› ግን ለሠርግ አይመረጥም፤ በቤሳር በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ጥሪ ሊደርስ ስለሚችል ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በዓመቱ በጀት ውስጥ ይያዙ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ በክላተን ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም አሉ፣ በየድግሱና በየለቅሶው አብረው ይቀመጣሉ።

ሰነዱንና መሬቱን መመርመር

በቤተሰብዎ ውስጥ ባለ የኢንዶኔዥያ ዜጋ ስም ቦታ የሚገዛ ከሆነ፣ ወይም ረጅም ኪራይ የሚዋዋሉ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ሴርቲፊካት አለው ወይ?›› የሚለው ነው። ይህ ከመሬት ጉዳይ ቢሮ የሚሰጥ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ነው፤ ከ2017 ጀምሮ መንግሥት መንደር ለመንደር እየዞረ በጅምላ መዝግቦ ለብዙ ሰው አድሏል። ያልተመዘገበ መሬት ያለው ሰው የሚያሳየው ‹‹ጊሪክ›› ወይም በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ከሚገኘው ‹‹ሌተር ሴ›› ከተባለው አሮጌ መዝገብ የተገለበጠ ገጽ ነው። ሁለቱም ከግብር አሰባሰብ የመጡ ጽሑፎች ናቸው፤ በ2021 የወጣው ደንብም እነዚህ አሮጌ ማስረጃዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተመዘገቡ የመብት ማስረጃነታቸው ቀርቶ ለምዝገባ እንደ ፍንጭ ብቻ እንዲታዩ ደንግጓል። በየዓመቱ የሚከፈለው የግብር ወረቀትም ከፋዩን እንጂ ባለቤቱን አያሳይም።

ሴርቲፊካት ያለውን መሬት ደግሞ ‹‹ፔ ፔ አ ቴ›› በሚባለው የመሬት ውል አዋዋይ በኩል በቢሮው መዝገብ ያስመርምሩ፤ በባንክ ተይዞ ወይም ክርክር ተነሥቶበት ሊሆን ይችላል። የሽያጩ ውል የሚጸናው በዚሁ አዋዋይ ፊት ሲደረግ ነው፤ ሻጩ የዋጋውን 2.5 ከመቶ የገቢ ግብር፣ ገዢው ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ከተቀነሰ በኋላ እስከ 5 ከመቶ የሚደርስ የዝውውር ግብር ይከፍላሉ፣ የአዋዋዩ ክፍያም ከ1 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ግብር ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ የሚል ሻጭ ቢያጋጥም አይስማሙ።

ከሰነድ ቀጥሎ የሚመረመረው ወራሽ ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የሟች አያት ሆኖ፣ ከስድስት ልጆች አንዱ ‹‹የእኔ ነው›› ብሎ ሊሸጥ ይመጣል። በእስልምና ሕግ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወርሳል፤ ጃቫዎች ይህን ‹‹ሰፒኩል ሰገንዶንግ›› ይሉታል፤ ወንዱ በትከሻ እንጨት ሁለት ቅርጫት እንደሚሸከም፣ ሴቷ በጀርባዋ አንድ እንደምታዝል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን እኩል ይካፈላል። በየትኛውም መንገድ ቢካፈሉ፣ በጃካርታም ሆነ በማሌዥያ ያለው ወራሽ ሁሉ ካልፈረመ በቀር ገንዘብ አይክፈሉ።

ከዚህ በላይ ሦስት ዓይነት መሬቶችን ይለዩ። ‹‹ቤንግኮክ›› የሚባለው የመንደሩ ሹማምንት እንደ ደመወዝ የሚያርሱት መሬት የመንደሩ ንብረት ስለሆነ ሹሙ ሊሸጠው አይችልም። በአጎራባቹ የዮግያካርታ ልዩ ክልል ደግሞ የሱልጣኑና ፓኩ አላም የተባለው የሌላው መስፍን ቤት መሬቶች በ2012 በወጣ ሕግ የተለየ አስተዳደር አላቸው፤ እዚያ ያየነውን ወደ ክላተን፣ የክላተኑንም ወደዚያ ማምጣት አይገባም። ሦስተኛው የሩዝ ማሳ ነው። በ2009 የወጣው የእርሻ መሬት ጥበቃ ሕግ ለምግብ ምርት የተከለለ ማሳ ላይ ቤት መሥራትን ይከለክላል፤ እንዲሁም ከ1961 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ የእርሻ መሬት ባለቤት መሬቱ ባለበት ወረዳ ወይም ለእርሻው በሚመች አጎራባች ወረዳ እንዲኖር ያስገድዳል። ‹‹በኋላ ወደ ቤት ቦታ ይለወጣል›› ተብሎ በርካሽ የሚቀርብ ማሳ ለዘላለም ማሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መሬቱን በእግር ሲዞሩ ከአጎራባች ባለይዞታዎች ጋር አብረው ይዙሩ። በማሳዎች መካከል ያለው የጭቃ ድንበር በየወቅቱ በዶማ ይላጋል፤ በያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጣት ያህል ከተወሰደ በሃያ ዓመት አንድ ረድፍ ችግኝ የሚይዝ ስፋት ይጠፋል። ስለዚህ የሲሚንቶ ምልክቶቹ መኖራቸውን ይመልከቱ፣ ከሌሉም ከክፍያ በፊት በልኬት እንዲተከሉ ያድርጉ። ስፋቱን በአገሩ መለኪያ ‹‹ሩ›› ቢነግሩዎ አንዱ ሩ 14 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑን አስበው ያባዙ። መንገዱም በሰው ማሳ ውስጥ የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

ውሃውን የሚነግርዎ ‹‹ኡሉ ኡሉ›› ነው፤ በእኛ አገር የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ሰው። በደረቁ ወቅት ሌሊት ላይ ወደ ቦይ መክፈያው ቢወርዱ፣ ሁለት ገበሬዎች ዶማቸውን ተደግፈው፣ በሙዝ ግንድና በጭቃ የተዘጋውን አፍ በየተራ ሲከፍቱና ሲዘጉ ያያሉ። የእርስዎ ቦታ ከቦዩ ራስ ላይ ነው ወይስ ከጭራው? ከጭራው ያለ ማሳ የዓመቱን ሦስተኛ ሰብል አያበቅልም።

ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ግንቦት 27 ቀን 2006 ንጋት ላይ ባንቱልንና ክላተንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5 ሺህ 700 በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙዎቹ የሞቱት ብረት ያልገባባቸው የሸክላ ግድግዳዎች ወድቀውባቸው ነው። ስለዚህ በማዕዘኖቹና በግድግዳው ራስ ላይ ብረት ያለው የኮንክሪት ምሰሶና ማሰሪያ መኖሩን ግንበኛ ይዘው ያረጋግጡ፤ ‹‹ሊማሳን›› የሚባለውን በእንጨት ምሰሶ የቆመ ጥንታዊ ቤት ካገኙም ምሰሶዎቹን ምስጥ እንዳልበላቸው እየመቱ ያዳምጡ። ወደ ሜራፒ የተጠጉት እንደ ከማላንግ ያሉ ወረዳዎች ደግሞ በ2010ሩ ፍንዳታ ጊዜ ነዋሪዎቻቸው ተፈናቅለው ነበር፤ የአደጋ ቀጣናውን ካርታ ከአውራጃው ቢሮ ጠይቀው ይመልከቱ።

ገቢው ምን ያህል ነው?

ማሳ መግዛት ያበለጽጋል የሚል ሰው ካለ በቁጥር እንመልስለት። 2,000 ካሬ ሜትር ማሳ፣ ይኸውም ከአንድ ጥማድ ጥቂት ያነሰ፣ በሄክታር 5 ቶን ቢሰጥ በአንድ ምርት 1 ቶን ያልተፈተገ ሩዝ ይገኝበታል። መንግሥት በ2025 በወሰነው የኪሎ 6,500 ሩፒያ ዋጋ 6.5 ሚሊዮን ሩፒያ መሆኑ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ሌላ ሰው ከሆነ ‹‹ማሮ›› በሚባለው የእኩል ሥርዓት ባለመሬቱ 3.25 ሚሊዮን ያገኛል፤ ‹‹መርቴሉ›› በሚባለው የሲሶ ሥርዓት ባለመሬቱ ሲሶውን ብቻ የሚወስድ ከሆነማ ያንሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሩዝ ቢታረስ ከ6.5 ሚሊዮን አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ የማዳበሪያ ድርሻ ይቀነሳል። ለምሳሌ ሻጩ ለዚህ ማሳ 400 ሚሊዮን ሩፒያ ቢጠይቅ ዓመታዊው ፍሬ 1.6 ከመቶ ብቻ ነው።

ዋጋው ከፍሬው ጋር የማይመጣጠነው መሬቱ እንደ ቁጠባ ስለሚያዝና በክላተን በኩል በሚያልፈው የዮግያካርታና ሶሎ የፍጥነት መንገድ ምክንያት ተስፋ ስለተጣለበት ነው። ማሳቸው ለመንገዱ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ካሳ ተቀብለው በሌላ መንደር መሬት ሲፈልጉ የዚያኛውም መንደር ዋጋ አብሮ ይወጣል። ይህ ለሻጭ ደስታ ነው፤ ማረስ ለሚፈልግ ወጣት ግን በሩን ዘግቶበታል፤ ልጆቹ ወደ ፋብሪካና ወደ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው የሚታዩት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ይህን ጥድፊያ እንዳያባብስ እፈልጋለሁ።

ችግር የገጠመው ጎረቤት ማሳውን በወለድ አገድ ሊሰጥዎ ቢመጣም ይጠንቀቁ። ‹‹ጋዳይ›› የሚባለው ይህ ልማድ በዚያው በ1960 በወጣ ሌላ ሕግ ገደብ ተደርጎበታል፤ ሰባት ዓመት የተያዘ የእርሻ መሬት ያለ ምንም የመቤዣ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለሳል። ለሰውየው ገንዘብ ማበደር ከፈለጉ መሬቱን ሳይነኩ ያበድሩ። በአንጻሩ የቤቱ ዙሪያ ጓሮ፣ ‹‹ፐካራንጋን›› የሚሉት፣ ለተከራይም ቢሆን የልብ ያደርሳል፦ ሙዝ፣ ካሳቫ፣ ኮኮነት፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ዶሮና የዓሣ ኩሬ። የገጠር ኑሮ ርካሽ የሚሆነው ከዚህ ጓሮ የሚበላ ሰው ሲኖር ነው።

ልጆችና የመግቢያው ቀን

ከተለያየ ዜግነት ወላጆች የሚወለዱ ልጆች በ2006 የዜግነት ሕግ መሠረት ሁለቱንም ዜግነት እስከ 18 ዓመት ይዘው ይቆያሉ፣ ከዚያም ለመምረጥ ሦስት ዓመት አላቸው። ኢንዶኔዥያን የመረጠ ልጅ የእናቱን መሬት በሃክ ሚሊክ ይወርሳል፤ ያልመረጠው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተላለፍ ግድ ይሆንበታል። ይህን ልጆቹ ገና በታዳጊነታቸው ሳሉ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይነጋገርበት፤ በተለይ ሁለት ልጆች ሁለት የተለያየ ፓስፖርት ሊመርጡ የሚችሉ ከሆነ፣ ቤቱ ለማን እንደሚቀርና ለሌላው በምን እንደሚካስ በወላጆች ሕይወት ሳለ መጻፍ አለበት።

ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ ሲሰጥዎ ዕቃ ከማስገባትዎ በፊት ለኤር ቴው ተጠሪ ነግረው ‹‹ስላመታን›› ያዘጋጁ። የጎረቤት ሴቶች ከዋዜማው መጥተው ሩዙን በኮኮነት ወተት ያበስላሉ፣ ዶሮውን ይሠራሉ፤ ምሽት ላይ ወንዶቹ ሰሌን ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ሽማግሌ እርስዎ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡና ለምን ያህል ጊዜ እንደተከራዩ በክሮሞ ተናግረው ጸሎት ይመራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ልጆቹም ይበላሉ። በዚያች ምሽት ስምዎንና የውልዎን ዘመን ሃያ ሠላሳ አባወራ ይሰማል፤ ለኩባያዋም የሚሆን ሚስማር ከአንዱ ጎረቤት ይጠይቁና በዚያው ሌሊት ከበሩ አጠገብ ይስቀሏት።